በሰሜን ሸዋ የተራራ ብስክሌት ልምምድና ውድድር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ ደብረ ብርሃን፣ አንኮበር፣ ደብረ ሲና፣ መሐል ሜዳና አካባቢው ሆነው በትርፍ ሰዓታቸው ተራራ ብስክሌት ለሚነዱ፣ አንድ ቀን ደግሞ ደረታቸው ላይ ቁጥር ለጥፈው መወዳደር ለሚፈልጉ ነው። በሐሳቤ ያለው ደመወዙን ከሌላ ሥራ የሚያገኝ፣ ብስክሌቱን ራሱ የሚያጥብ፣ ጎማውን ራሱ የሚለጥፍ ሰው ነው።

የተራራ ብስክሌት ውድድር ሲባል ምን ዓይነት ነው?

ብዙ ዓይነት አለው። ለእኛ የሚሆኑት ሁለቱ ናቸው። አንደኛው አገር አቋራጭ ነው። ከ4 እስከ 6 ኪሎ ሜትር የሚሆን ዙር ይከለልና ዳገቱን፣ ድንጋዩንና ጠባቡን መንገድ ደጋግሞ መዞር ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 አትላንታ ላይ ኦሊምፒክ የገባው ይኸው ነው። ታላላቆቹ ተወዳዳሪዎች አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈጅባቸዋል። ሁለተኛው ማራቶን ይባላል። ብዙውን ጊዜ ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ቁልቁለት ብቻ የሚወረድበትም አለ፤ እሱ ግን ሌላ ብስክሌት፣ ሌላ ትጥቅና ሌላ ኪስ ይፈልጋል። እንለፈው።

አገራችን ለብስክሌት እንግዳ አይደለችም። በመጀመሪያው ኦሊምፒካችን፣ እ.ኤ.አ. በ1956 ሜልቦርን ላይ፣ ብስክሌተኞች ነበሩን። ጽጋቡ ግርማይም እ.ኤ.አ. በ2016 ቱር ደ ፍራንስን የጋለበ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። ይህ ሁሉ ግን የአስፋልት ታሪክ ነው። ተራራው ላይ ገና ነን። ስለዚህ ውድድር ቤታችሁ ድረስ ይመጣል ብላችሁ አትጠብቁ። የወረዳውን ወይም የዞኑን ስፖርት ጽሕፈት ቤት ጠይቁ። የአስፋልት ውድድር ከተገኘም ተመዝገቡ። ምንም ከሌለ ጓደኛሞች ሆናችሁ አንድ ዙር ምረጡና ሰዓት ያዙ። ማን እንደቀደመ ሁሉም ካወቀ እሱም ውድድር ነው።

ውድ ብስክሌት ያስፈልገኛል?

አያስፈልግም። በቁመታችሁ ልክ የሆነ፣ ፍሬኑ የሚይዝ፣ ማርሹ የማይዘል ብስክሌት ይበቃል። የፊት ሞላ ካለው ጥሩ ነው። የኋላ ሞላ ያላቸውን ርካሽ ብስክሌቶች ግን ተዉአቸው። ከባድ ናቸው፤ ሞላቸው ሲያረጅም መለዋወጫ ፍለጋ ትንከራተታላችሁ።

ያገለገለ ስትገዙ ፍሬሙን ብየዳው አጠገብ አገላብጣችሁ እዩ፤ ስንጥቅ ካለ ጥላችሁ ሂዱ። ጎማውን አሽከርክሩና ይወላገድ እንደሆነ ተመልከቱ። የፊት ፍሬን ይዛችሁ መሪውን ወደፊትና ወደኋላ ነቅንቁ፤ ኳ ኳ ካለ የላላ ወይም ያለቀ ነገር አለ። ለጎማው ልክ የሚሆን ከመነዳሪ ገበያ ላይ መኖሩንም ቀድማችሁ ጠይቁ። ከዚያ የተረፈውን ብር ሄልሜት ላይ አውሉት። በዚህ ድርድር የለም።

ዓመቱን እንዴት ልከፋፍለው?

ፈረንጆቹ የሚጽፉት የሥልጠና ዕቅድ ክረምታቸውን በረዶ፣ በጋቸውን ውድድር አድርጎ ነው። የእኛን ዕቅድ የሚያወጣው አፈሩ ነው።

ከሰኔ አጋማሽ እስከ መስከረም መጀመሪያ ዋልካው ይገዛል። ጥቁሩ አፈር ሲረጥብ ጎማው ላይ እየተደራረበ ሹካው ውስጥ ይሞላል። ከዚያ ጎማው መዞሩን ያቆምና ብስክሌቱን ተሸክማችሁ ትመለሳላችሁ። በዚያ ላይ ገበሬው የሚሄድበትን መንገድ ቆፍራችሁ ትተዉለታላችሁ። ስለዚህ ክረምት ላይ አስፋልትና ጠጠር መንገድ ብቻ፣ እሱም ዝናቡ ፋታ ሲሰጥ። የቀረውን ጊዜ ለጡንቻ አውሉት። ቁጢጥ ብሎ መነሳት፣ ደረጃ ላይ በአንድ እግር መውጣት፣ ሆድና ወገብ ማጠንከር። ቤት ውስጥ ይሠራል፤ ገንዘብ አይጠይቅም።

መስከረም ላይ ሜዳው አደይ ሲለብስ ዋናው ሥራ ይጀምራል። ይህ የረጅምና የቀስታ ጉዞ ጊዜ ነው። ስድስት ሳምንት ገደማ። ቀስታ ስል በእውነት ቀስታ ማለቴ ነው፤ ከጎናችሁ ካለው ሰው ጋር ሙሉ ዓረፍተ ነገር እያወራችሁ መንዳት። በአካባቢያችን ያለው ትልቁ ችግር እዚህ ጋ ነው። ሁለት ልጆች አንድ መንገድ ላይ ከተገናኙ ልምምዱ ወዲያው ውድድር ይሆናል። ዳገቱ ጫፍ ላይ ማን እንደደረሰ ይቆጠራል። ሁልጊዜ መካከለኛ ድካም፣ ሁልጊዜ ትንሽ ፉክክር። በዚህ ዓይነት አካሉ ለጠንካራው ቀን የሚሆን ጉልበት አያጠራቅምም፤ በቀስታው ቀንም አያርፍም። ጥር ላይ ውድድር ሲመጣ ልጆቹ ድሮ በነበሩበት ፍጥነት ላይ ናቸው። ዳገት ላይ ቢቀድሟችሁ ዝም በሉ።

ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ኅዳር መጨረሻ በሳምንት ሁለት ጠንካራ ቀን ትጨምራላችሁ። ታኅሣሥና ጥር መንገዱ ደረቅ፣ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፤ ለውድድር ከዚህ የተሻለ ጊዜ የለም። አንድ ነገር ግን አትርሱ። ኅዳር አጨዳ ነው፤ ከዚያ ውቂያ ይከተላል። ትናንት የነዳችሁበት መንገድ ዛሬ አውድማ ሆኖ ልታገኙት ትችላላችሁ። ወርዳችሁ፣ ብስክሌቱን ገፍታችሁ፣ «እግዚአብሔር ይስጥልን» ብላችሁ እለፉ። ነዶ ላይ የሚነዳ ብስክሌተኛ በሚቀጥለው ሳምንት ሁላችንንም ያስባርራል።

ከየካቲት እስከ ሚያዝያ በልግ አለ። አንዳንድ ዓመት ይዘንባል፣ አንዳንድ ዓመት ይቀራል። ለእሱ ጥብቅ ዕቅድ አታውጡ። ደረቅ ከሆነ ንዱ፤ ከዘነበ የክረምቱን ሥራ ድገሙ። ግንቦት ላይ ሁለተኛ የውድድር ጊዜ ማድረግ ይቻላል። በዓመት ሁለት ጥሩ ጊዜ ለአንድ አማተር ብዙ ነው።

ሥራ አለኝ። በሳምንት ስንት ሰዓት ይበቃኛል?

ከስድስት እስከ ስምንት ሰዓት ካገኛችሁ ጥሩ ውድድር መወዳደር ትችላላችሁ። አከፋፈሉ እንዲህ ቢሆን እወዳለሁ፦ ማክሰኞ ጠንካራ፣ ሐሙስ አንድ ሰዓት ቁልቁለትና ጠባብ መንገድ፣ ቅዳሜ ሌላ ጠንካራ ወይም አጠር ያለ ቀስታ፣ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ረጅሙ ጉዞ። ሰኞና ዓርብ ዕረፍት።

ጠንካራ ቀን ማለት 20 ደቂቃ ሰውነት ማሟሟቅ፣ ከዚያ 4 ደቂቃ ዳገት አራት ጊዜ፣ በመካከሉ 3 ደቂቃ ቀስ ብሎ መውረድ። አራተኛው ከመጀመሪያው ጋር እኩል ቦታ ላይ መድረስ አለበት። አራተኛው ላይ ከሞታችሁ መጀመሪያው ላይ አብዝታችኋል።

ፋብሪካ በፈረቃ የምትሠሩ ደግሞ ከሌሊት ፈረቃ ወጥታችሁ ጠንካራ ልምምድ አትሥሩ። ተኙ። እንቅልፍ ያጣ ሰው ዳገት ሲወጣ የሚያገኘው ድካሙን ብቻ ነው። ጠዋት ከአልጋ ሳትነሱ የልብ ምታችሁን ቁጠሩ። ከለመዳችሁት በ10 ያህል ከጨመረ ያን ቀን ቀስ በሉ።

የምንኖረው ከፍታ ላይ ነው። ይህ በራሱ አያጠነክረንም?

ግማሹ እውነት ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን ከባሕር ዳርቻው በ30 በመቶ ገደማ ያንሳል። እዚህ ተወልዶ ያደገ ሰው አካሉ ለምዶታል። ከቆላ የመጣ ሰው ግን ሁለት ሦስት ሳምንት ይፈልጋል፤ እስከዚያ ጠንካራ ልምምድ አይጀምር።

ሌላው ግማሽ ግን አይወራም። አየሩ ሲሳሳ ከፍተኛውን ጉልበት ማውጣት ያቅታል። ሳንባው ቶሎ «በቃኝ» ስለሚል እግራችሁ እውነተኛውን ፍጥነት አይለማመድም። ለዚህ ነው አሠልጣኞች «ከፍ ብለህ ኑር፣ ዝቅ ብለህ ተለማመድ» የሚሉት። እኛ ደግሞ ይህን ለማድረግ አውሮፕላን አያስፈልገንም። ከጣርማ በር እስከ ሸዋ ሮቢት መንገዱ ከ3,000 ሜትር በላይ ከሆነ ከፍታ ወደ 1,300 ሜትር ገደማ ይወርዳል። በወር አንዴ ሁለቴ ብስክሌቱን ሚኒባስ ላይ ጭናችሁ ሮቢት አካባቢ ጠንካራ ልምምድ ብትሠሩ ልዩነቱን እግራችሁ ይነግራችኋል።

ቆላ ላይ ውድድር ካላችሁ ደግሞ ጠላታችሁ ሙቀቱ ነው። ደገኛ ብስክሌተኛ ቆላ ወርዶ የሚሸነፈው ብዙውን ጊዜ በአየር ሳይሆን በላብ ነው። አካሉ ሙቀት ለመልመድ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይፈልጋል። ከተቻለ ቀደም ብላችሁ ውረዱ። ካልተቻለ ቀስ ብላችሁ ጀምሩ፤ ውሃም ከመጠማታችሁ በፊት ጠጡ።

የት ልለማመድ?

ለቀስታው ጉዞ የደብረ ብርሃን ዙሪያ ሜዳ ተስማሚ ነው። የገጠር ጠጠር መንገዱ ብዙ ነው፤ መኪናው ጥቂት። ነፋሱ ግን ይፈትናል። ስትወጡ ነፋሱን ፊት ለፊት ይዛችሁ ውጡ፣ ስትመለሱ ከኋላ ይግፋችሁ። ተቃራኒውን ያደረገ ሰው ሲደክመው ይገባዋል።

ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ዳገትና ቁልቁለቱ የተቀላቀለ ስለሆነ ለእሁድ ጉዞ እመርጠዋለሁ። አንኮበር ምኒልክ ወደ እንጦጦ ከመውጣታቸው በፊት የተቀመጡባት ከተማ ናት፤ ጫፉ ላይ ቆማችሁ ቆላውን ስታዩ ለምን እንደመረጧት ይገባችኋል። ከዚያ ወደ አልዩ አምባ የሚወርደው ቁልቁለት ግን የጀማሪ አይደለም። የወረዳችሁትን መልሳችሁ እንደምትወጡትም አስቡ።

ጣርማ በር ላይ ጥንቃቄ። ጣሊያን የሠራው ዋሻ ውስጥ ያለ መብራት አትግቡ። ጉሙ ድንገት ይወርዳል፤ የጭነት መኪና ሾፌር ደግሞ አሥር ሜትር ላይ ያለ ብስክሌት ላያይ ይችላል። የፊትና የኋላ መብራት፣ አንጸባራቂ ልብስ።

መንዝና ጓሳ ጥንካሬያችሁን የምትለኩበት ነው። ጓሳ ከ3,200 ሜትር በላይ ነው። ሕዝቡ ሣሩን በራሱ ሥርዓት ለብዙ ዘመን ሲጠብቅ የኖረበት ቦታ ስለሆነ ከመንገድ ወጥታችሁ ሣሩ ላይ አትንዱ። ጭላዳዎቹ መንገድ ላይ ከተቀመጡ ቁሙና ጠብቁ። ቀይ ቀበሮ ካያችሁም ዕድለኞች ናችሁ፤ አታባርሩት።

የትም ስትሄዱ ሁለት ነገር። የምትሄዱበት አካባቢ ሰላም መሆኑን ከአንድ ቀን በፊት እዚያ ያለ ሰው ደውላችሁ ጠይቁ፤ የምትመለሱበትን ሰዓትም ቤት ንገሩ። ቀብር ሲያልፍ ደግሞ ከብስክሌት ውረዱ።

ቁልቁለት እፈራለሁ። ፍርሃቱ ይለቃል?

ይለቃል፤ ግን በድፍረት ሳይሆን በልምምድ ነው። ደግሞም ውድድር የሚጠፋው እዚህ ነው። የእኛ ልጆች ዳገት ላይ ያገኙትን ሁለት ደቂቃ ቁልቁለት ላይ መልሰው ይሰጣሉ።

ቁልቁለት ስትወርዱ ከኮርቻው ተነሱ። ሁለቱ ፔዳል እኩል ከፍታ ላይ ይሁን። ጉልበትና ክርን ይታጠፍ። ዓይናችሁ ጎማው ሥር ያለውን ድንጋይ ሳይሆን ከፊት ያለውን መንገድ ይይ። ድንጋዩን ትኩር ብሎ የሚያይ ሰው ድንጋዩ ላይ ነው የሚሄደው። ፍሬን በአንድ ጣት ይያዝ፤ የቀሩት ጣቶች መሪውን ይጨብጡ። ከኩርባው በፊት ፍጥነት ቀንሱ፣ ኩርባው ውስጥ ግን ፍሬኑን ለቀቅ አድርጉ። አብዛኛው የማቆም ኃይል ያለው የፊት ፍሬን ላይ ነው። ብዙ ሰው ፈርቶት የኋላውን ብቻ ይይዝና ጎማው ተንሸራቶ ይወድቃል። የፊቱን ሜዳ ላይ፣ ቀስ በቀስ እያጠበቃችሁ ልመዱት።

ረጅም ቁልቁለት ላይ ፍሬኑን ይዛችሁ አትውረዱ። ይዞ መልቀቅ፣ ይዞ መልቀቅ። ያለማቋረጥ የተያዘ ፍሬን ይግላል፤ ሲግል ኃይሉን ያጣል። አንድ አጭር ቁልቁለት ምረጡና ሐሙስ ሐሙስ ደጋግሙት። አዲስ ቦታ ሁልጊዜ መሄድ ደስ ይላል እንጂ ብዙ አያስተምርም።

የጎማውን አየርም እዩት። ከመነዳሪ ያለው የተራራ ጎማ ላይ 70 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 30 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ ነው) አካባቢ ጀምሩ። ጎሚስታ ቤት «ሙላው!» ካላችሁ ድንጋይ አድርጎ ይሞላላችኋል። የጠነከረ ጎማ ድንጋይ ላይ ይዘላል እንጂ አይዝም። በጣም ከቀነሳችሁት ደግሞ ከመነዳሪው በድንጋይና በቸርኬ መካከል ተነክሶ ይበሳል።

በጾም ወቅት እንዴት ልለማመድ?

ጾመ ነቢያት ከኅዳር 15 እስከ ገና ነው፤ ማለትም የውድድሩ ወቅት እምብርት ላይ ነው። ዐቢይ ጾም ደግሞ 55 ቀን ሆኖ በልግ ላይ ይውላል። ስለዚህ ጾሙን ዕቅዱ ውስጥ ቀድማችሁ አስገቡት። መጾም አለመጾም የራሳችሁና የንስሐ አባታችሁ ጉዳይ ነው።

እስከ 9 ሰዓት የምትጾሙ ከሆነ ጠዋት አጭርና ቀስታ ብቻ ንዱ። ጠንካራውን ከምግብ በኋላ፣ 10 ሰዓት ተኩል ገደማ አድርጉት። ከመጨለሙ በፊት ጠባብ ጊዜ ነው፤ ይበቃል ግን። ሽሮ፣ ምስር፣ የባቄላ ንፍሮ፣ ተልባ በየቀኑ ይኑር። ብረት የሚባለው ንጥረ ነገር ደም ውስጥ ኦክስጅን ለመሸከም ያስፈልጋል፤ ከፍታ ላይ ደግሞ ይበልጥ። ቡናና ሻይ ከምግብ ጋር ሲጠጡ ብረቱ በደንብ እንዳይገባ ያደርጋሉ። ቡናውን ከምግቡ አንድ ሰዓት ቆይታችሁ ጠጡ። ይህን ምክር ቤት ውስጥ ማስፈጸም ከዳገቱ እንደሚከብድ አውቃለሁ።

ረመዳን የምትጾሙም ቀስታውን ከኢፍጣር በፊት ባለው የመጨረሻ ሰዓት፣ ጠንካራውን ካፈጠራችሁ በኋላ አድርጉት። በወሩ ሰዓቱን ቀንሱ እንጂ አታቁሙ።

ረጅም ጉዞ ላይ ምን ልብላ?

ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ ከሆነ በሰዓት ከ30 እስከ 60 ግራም ካርቦሃይድሬት ያስፈልጋል። ውጭ አገር በትንንሽ ከረጢት የሚሸጠውን ነገር መፈለግ አያስፈልግም። በሶ አለን። በስኳር ወይም በማር ተበጥብጦ ውሃ መያዣ ውስጥ ይገባል፤ ጭብጦ ሆኖም ኪስ ውስጥ ይያዛል። አንድ መካከለኛ ሙዝ 25 ግራም ገደማ ይሰጣል። ለመጠጡ አንድ ሊትር ውሃ፣ አምስት የሾርባ ማንኪያ ስኳር፣ ቁንጥር ጨው፣ ሎሚ። ቆሎ ግን ለዕረፍት ይቆይ፤ እየነዱ ማኘክ ትንፋሽ ይነሳል። ውድድር ቀን አዲስ ነገር አትሞክሩ። ሆዳችሁ የሚያውቀውን ብቻ።

የጠዋቱን ብርድ እንዴት ልቋቋመው?

ከጥቅምት እስከ ጥር ሌሊቱ ከዜሮ በታች ሊወርድ ይችላል፤ ሣሩ ውርጭ ለብሶ ያድራል። ከቻላችሁ 2 ሰዓት ካለፈ በኋላ ውጡ። ጓንት ያስፈልጋል፤ የደነዘዘ ጣት ፍሬን አይዝም። ዳገት ጫፍ ላይ ላባችሁ ሳይደርቅ ቁልቁለት ከመጀመራችሁ በፊት ጋዜጣ አጣጥፋችሁ ደረታችሁ ላይ ልብሳችሁ ሥር አስገቡ። የድሮ ብስክሌተኞች ዘዴ ነው፤ ዛሬም ይሠራል። ከቀኑ 5 ሰዓት በኋላ ደግሞ ፀሐዩ ያቃጥላል።

የእረኛ ውሻ ሲያባርረኝ ምን ላድርግ?

አትሽቀዳደሙት። ቁሙ፣ ውረዱ፣ ብስክሌቱን በእናንተና በእሱ መካከል አድርጉ፣ እረኛውን ጥሩ። ብዙዎቹ የሚያባርሩት የሚሮጠውን ነው። ከተነከሳችሁ ቁስሉን ወዲያው ለ15 ደቂቃ በውሃና በሳሙና አጥባችሁ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሂዱ። ቀላል መሰለኝ ብሎ ማደር የለም።

ሴት ነኝ። ብቻዬን መለማመድ ይከብደኛል።

ይገባኛል፤ አስተያየቱም ፉጨቱም አለ። ሁለት ሦስት ሆናችሁ፣ ሁልጊዜ በአንድ ሰዓትና በአንድ መንገድ ብትወጡ ሰፈሩ ቶሎ ይለምዳችኋል። በጠባቡ ሱሪ ላይ ሰፋ ያለ ቁምጣ መደረብ ይቻላል፤ አይከለክልም። ኮርቻው ካመመሽ አንቺ አይደለሽም የምትለምጂው፣ ኮርቻው ነው የሚቀየረው። ከፍታውን ደግሞ አስተካክይ፦ ተረከዝሽ ፔዳሉ ላይ ሆኖ ታች ሲደርስ እግርሽ ቀጥ ማለት አለበት።

የውድድሩን ሳምንት ምን ላድርግ?

ሰዓቱን በግማሽ ቀንሱ፤ ፍጥነቱን ግን አትተዉ። አጭር አጭር ፈጣን ሩጫ በመካከሉ ይኑር። በመጨረሻው ሳምንት የሚሠራ ከባድ ልምምድ ለዚያ ውድድር አይደርስም፤ ድካሙ ብቻ ነው የሚደርሰው።

ከአንድ ቀን በፊት ዙሩን ሂዱና እዩት። ጠባቡ መንገድ የት እንደሚጀምር ካወቃችሁ ከመነሻው ጠንከር ብላችሁ ቀድማችሁ ትገባላችሁ፤ ከገባችሁ በኋላ ማለፍ አስቸጋሪ ነው። ጠዋት ውድድሩ ሊጀመር ሦስት ሰዓት ሲቀረው የለመዳችሁትን ብሉ። ቂንጬ እመርጣለሁ። ከመነሻው በፊት 15 ወይም 20 ደቂቃ ሰውነታችሁን አሟሙቁ። ትርፍ ከመነዳሪ፣ ፓምፕና የጎማ ማውጫ ያዙ፤ ቤት ውስጥም በሰዓት እየያዛችሁ ጎማ መቀየር ተለማመዱ።

ወቅቱ ሲያልቅ ምን ያህል ልረፍ?

አንድ ሳምንት ብስክሌቱን ጭራሽ አትንኩት። ሁለተኛውን ሳምንት ገበያ ለመሄድ ንዱት። ሰንሰለቱን በናፍጣ አጥባችሁ፣ አድርቃችሁ፣ በጥቂቱ ዘይት ቀቡት፤ የተረፈውን በጨርቅ ጥረጉት። ናፍጣውም ዘይቱም የፍሬን ዲስክ ላይ እንዳይፈስ ተጠንቀቁ፤ አንድ ጊዜ ዘይት የጠጣ የፍሬን ሸራ ብዙውን ጊዜ መቀየር ነው ዕጣው።